አዳማ ላይ ፍቺ ለመጠየቅ ምን ምን ማሟላት አለባችሁ?

ትዳር አልሆን ሲል ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሽማግሌ ጋር ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ሽማግሌዎቹ "ተለያይተዋል" ብለው በእስክሪብቶ ጽፈው አስፈርመው ሲሰጧቸው ፍቺ ያለቀ የሚመስላቸው በጣም ብዙ ሰዎች አሉ። አላለቀም! ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ የሽማግሌ ስራ ማስታረቅ ነው። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሌላ ብታገቡ በሕግ ፊት በጋብቻ ላይ ጋብቻ ነው፣ ያስከስሳል።

መጀመሪያ የምታረጋግጡት ጋብቻችሁን ነው። በክብር መዝገብ ይሁን በሃይማኖት ወይ በባህል፣ ሶስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። የጋብቻ ሰርተፍኬት ካለ ኮፒውን ያዙ፣ ከሌለም ተስፋ አትቁረጡ፣ እንደ ባልና ሚስት ስትኖሩ የሚያውቋችሁ ምስክሮች ይበቃሉ። ሳትጋቡ አብራችሁ ብቻ የኖራችሁ ከሆነ ግን የምትጠይቁት ፍቺ አይደለም፣ የንብረት ክፍፍል ነው (በፌደራሉ ሕግ ቢያንስ 3 አመት አብሮ መኖር ይጠይቃል)።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚፈራው ምክንያት። "በምን ማስረጃ ነው የማሳምነው፣ ሲመታኝ ያየ ሰው የለም" እያሉ አመታት የሚቆዩ እህቶች አሉ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺው ከባድ ምክንያት መኖር አለመኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣ ነበር፣ በ1992 የወጣው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ግን ያንን አስቀርቶታል፣ አንዳችሁ ብቻ መፋታት ብትፈልጉም መጠየቅ ትችላላችሁ። አዳማ ኦሮሚያ ስለሆነች ፍርድ ቤቱ የሚሰራው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የነገራችሁን አንቀጽ እንዳለ አትገልብጡ።

ከተስማማችሁ መንገዱ አጭር ነው፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አቅርቡ። ካልተስማማችሁ አንዳችሁ ክስ ትመሰርታላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው የሚጀመረው። ሙስሊም ከሆናችሁና ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ፣ አንዱ እምቢ ካለ ግን አይሆንም። የፍርድ ቤቱ የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ ሰው ቋንቋውን በደንብ የሚችል ይሁን፣ ከመፈረማችሁ በፊትም በአማርኛ ያስረዳችሁ። የዳኝነት መክፈል የማትችሉ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አውጥታችሁ በድሃ ደንብ መክሰስ ትችላላችሁ።

የትዳር አጋራችሁ አረብ ሀገር ከሆነ ውክልና በኤምባሲ በኩል ሊልክላችሁ ይችላል፣ ውክልናው ላይ ግን ፍቺ የሚለው በግልጽ ይጻፍ። አድራሻው ጭራሽ ከጠፋ ፍርድ ቤቱን ጠይቃችሁ በጋዜጣ ይጠራል።

መዝገብ እንደከፈታችሁ ወዲያው አትፋቱም። ዳኛው ያነጋግራችኋል፣ ለሽማግሌም ሊመራችሁ ይችላል፣ በፌደራሉ ሕግ የማሰቢያው ጊዜ ከ3 ወር አይበልጥም። በዚህ መሃል ማን ልጆቹን ይያዝ፣ ማን ቤት ውስጥ ይቆይ፣ ቀለብ ስንት ይሁን የሚለውን ጊዜያዊ ትዕዛዝ ጠይቁ፣ እባካችሁ ይሄን አትርሱ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ እቃው ተሽጦ ባጃጁ በሌላ ሰው ስም ዞሮ የሚያገኙት አሉ። የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ የባንክ ደብተር ኮፒ ቀድማችሁ ያዙ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው የሚባለው፣ በእሱ ስም ቢሆንም። ውርስ የግል ነው።

ውሳኔው ሲወጣ ግልባጩን አውጥታችሁ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ፍቺውን አስመዝግቡ። ሴት ከሆንሽ ደግሞ ሌላ ሰው ለማግባት ከፍቺው በኋላ 180 ቀን መጠበቅ አለ፣ እርጉዝ አለመሆንሽ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን ፍርድ ቤት ሊያነሳልሽ ይችላል።