ወደ ዊንዶውስ 11 ስትሻገሩ የመመለሻውን በር አትዝጉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። "ጌሜን ቢያዘገይብኝስ?" እያላችሁ የምታመነቱ፣ ነገሩን በክርክር ሳይሆን በ10 ቀን ሙከራ ጨርሱት።

ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጌም አንድ ቦታ ላይ ለ10 ደቂቃ ተጫወቱ። የዊንዶውስ ቁልፍንና "ጂ"ን አብራችሁ ስትጫኑ የሚወጣው ሰሌዳ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያልፍ ያሳያል፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ያዙት። 11ን በነባሩ ላይ ጫኑና እዚያው ቦታ ድገሙት። ካልወደዳችሁት "ሴቲንግስ"፣ "ሲስተም"፣ "ሪከቨሪ" ገብታችሁ "ጎ ባክ" በሉ። ይህ የሚሠራው አሮጌው ሥርዓት "ዊንዶውስ ኦልድ" በሚባል ማህደር ለ10 ቀን ስለሚቀመጥ ነው። የግል ፋይሎቻችሁ ይቆያሉ፤ በመካከል የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። ቦታ ጠበበኝ ብሎ ያንን ማህደር ያጸዳ ሰው መመለሻ የለውም፤ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ የጫነም እንዲሁ።

ፍጥነቱ ከቀነሰ ከመመለሳችሁ በፊት "ሜሞሪ ኢንተግሪቲ" የሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር በርቶ እንደሆነ እዩ። ማጥፋቱ ጌም ሊያፈጥን እንደሚችል ማይክሮሶፍት ራሱ ይናገራል፤ ሆኖም የደኅንነት ጥበቃ ነውና ተጫውታችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አብሩት።

እንደ እኔ ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ደግሞ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ምሽት አትጀምሩት፤ በተለይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ። እኔ የጀመርኩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ሳይጣድ ነው።