የአየሩ ሁኔታ ሲከፋ ሠራተኛ መቼ ይውጣ? ደንቡን ቀድማችሁ ጻፉት

ብዙ መሥሪያ ቤት ለከባድ ዝናብና ለአውሎ ነፋስ ያለው ደንብ «አለቃው ያውቃል» የሚል ነው። አለቃው ደግሞ በመስኮት ሰማዩን ያያል፣ ያመነታል፣ «እስኪ ትንሽ እንይ» ይላል፣ እሱ እያየ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ውሳኔውን ለምልክት ስጡት።

ምልክት ስል ማንም የማይከራከርበት ነገር ማለቴ ነው። የሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ለአካባቢው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ወይም የሠራተኛ ሰርቪስ ሊቋረጥ እንደሆነ ሲታወቅ ሥራ ይቆማል ብላችሁ ጻፉ። የሚያውጀው ሰው ማን እንደሆነ ከነተተኪው ይጠቀስ። ዋናው ኃላፊ የዚያን ቀን ስብሰባ ላይ ነው የሚሆነው፣ ሁሌም እንደዛ ነው።

መውጣት ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ከተቃረበ ወይም መብረቅ ካለ መንገድ ላይ ከመገኘት ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ መቆየት ይሻላል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጎርፍ ሲሆን ቶሎ መልቀቅ፣ ውኃው መንገዱን ከያዘው ደግሞ አለመነቃነቅ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ሜይፊልድ ከተማ ያለ የሻማ ፋብሪካ በቶርኔዶ ፈርሶ ሠራተኞች ሞተዋል። ከተረፉት አንዳንዶቹ «ከወጣችሁ ትባረራላችሁ ተብለን ነበር» አሉ፣ ኩባንያው አላልንም አለ። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ላለመግባት ደንባችሁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፦ ለሕይወቱ በቂ ምክንያት ኖሮት የሰጋ ሠራተኛ ለቅርብ ኃላፊው ነግሮ ቢወጣ አይቀጣም። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1981 ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 13 ላይ ያለ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ፣ ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነውና። ድርጅቱ ራሱ ከዘጋ ሙሉ ደመወዝ ይከፈል። የቀን ሠራተኛም ይካተት፣ አለዚያ ቀኑ እንዳይቀርበት ብሎ በጎርፍ ውስጥም ይመጣል። ድርጅቱ ሳይዘጋ ሠራተኛው ቀደም ብሎ ልሂድ ካለ ከዓመት ፈቃዱ ይታሰባል ወይስ በሌላ ቀን ያካክሳል? የአገራችሁን የሥራ ሕግ አይታችሁ አንዱን ምረጡ። «ያኔ እናያለን» የሚባል ነገር አይሠራም።

የግድ የሚቀሩ አሉ፣ ጥበቃ፣ ነርስ፣ የማሽን ተረኛ። ስማቸው ቀድሞ ይታወቅ፣ በተራ ይሁን፣ መኝታና ምግብ ይዘጋጅ፣ ትርፍ ሰዓታቸው ይከፈል። ሩቅ የሚኖርና ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ቀድሞ ይውጣ፣ ማብራሪያ አትጠይቁት።

መልእክቱንም ካሁኑ አዘጋጁት፣ በጭንቀት ሰዓት ማንም አሳምሮ አይጽፍም። ይህን ያህል ይበቃል፦ «ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሥራ ቆሟል። ደመወዝ አይቆረጥም። ቤት ስትደርሱ ለክፍል ኃላፊያችሁ መልእክት ላኩ። ስለ ነገው ሥራ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ እናሳውቃለን።»