ሂተሩን ከማስዘጋታችሁ በፊት ሁለቱን ቱቦ ንኩ

አዳማ ውስጥ የመኪና ሂተር የሚያስታውስ የለም። እዚህ ሰው የሚጨነቀው ለኤሲ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን በኢተያ አድርጎ አሰላና በቆጂ የሚመላለስ ሹፌር ዝናብና ጉም ውስጥ መስታወቱ ይሸፈንበትና «ሂተሩ ሞቷል» ብሎ ጋራዥ ይመጣል። ብዙ መካኒክ ለዚህ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሁለቱን ቱቦ እርስ በርስ አገናኝቶ ሂተሩን ከመስመር ማውጣት። እኔም በዚሁ ሙያ ነው የምተዳደረው፤ ይህንን ሥራ ግን ተለምኜም ቶሎ አልሠራውም።

ሂተር ዳሽቦርድ ሥር የተቀበረ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከሞተሩ የወጣ ትኩስ ውሃ በአንድ ቱቦ ይገባል፣ በሌላው ይመለሳል፤ ቬንቲላተሩ ደግሞ አየር በመሃሉ እየነፋ ያሞቅላችኋል።

ምርመራው መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃው ሙሉ መሆኑን እዩ። ከዚያ ክዳኑን መልሱ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የሂተሩን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። የሙቀት ጌጁ የተለመደው ቦታ ሲደርስ ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ተነስተው ሞተሩንና ካቢኑን የሚለየውን ግድግዳ በስተው ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ፈልጉ። እጃችሁን ከሚዞረው ቀበቶ (ቺንጋ) እና ከራዲያተሩ ቬንቲላተር አርቃችሁ፣ ቱቦዎቹን በጣት ነካ እያደረጋችሁ ልቀቁ፤ ያቃጥላሉ።

ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ሂተሩ ውስጥ ውሃ እየዞረ ነው። ችግሩ ወደ ካቢን አየር የሚመራው በር ወይም የሚስበው ገመድ ጋ ነው። ጨርሶ አየር የማይነፋ ከሆነ ከፊውዙ ጀምሩ። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ሂተሩ ተደፍኗል፣ ወይ በድሮ ኮሮላዎች ላይ እንዳለው ዓይነት የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ደርቆ ቀርቷል። እኛ ከተማ ቫልቩ ዓመቱን ሙሉ ስለማይነካ መድረቁ አያስገርምም። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ውሃ ጎድሏል፣ አየር ገብቷል፣ ወይም ተርሞስታቱ (ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው ቫልቭ) ክፍት እንደሆነ ተይዟል፤ የውሃ ፓምፑም ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርድ ውስጥ ውሃ ሲንዶቀዶቅ ከሰማችሁ አየር አለ ማለት ነው።

የሚያፈስ ሂተር ሌላ ጉዳይ ነው። ምልክቱ በተሳፋሪ እግር ሥር የራሰ ምንጣፍ፣ ጣፋጭ ሽታና ስትጠርጉት የሚያሙለጨልጭ የመስታወት ጉም ነው። እርጥብ ምንጣፍ ሁሉ ግን ሂተር አይደለም። የኤሲ ማፍሰሻ ቱቦ ሲደፈንም እዚያው ቦታ ይረጥባል፤ የዚያ ውሃ ንጹሕ ነው፣ አያሙለጨልጭም። ኩላንት የሚባለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በመቆጠብ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሰው ሽታም ቀለምም አያገኝም፤ እሱ የዝገት ቡናማነት ይፈልግ። ሃይስ ከሆነ ለኋላ ወንበር የተሠራ ሁለተኛ ሂተር ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ሳታዩ ዳሽቦርድ አታስፈቱ።

የተደፈነ ከሆነ ማጠብ ይሞከራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ቱቦ ከሞተሩ በኩል ፍቱ። አልላቀቅ ያለውን ቱቦ በጉልበት አታጣምሙት፤ የሂተሩ አፍ ይሰነጠቃል። ቱቦውን በምላጭ ርዝመቱን ተከትሎ መቅደድ ይሻላል፤ ቱቦ ርካሽ ነው። ከዚያ በመውጫው በኩል፣ ማለትም ከተለመደው ፍሰት በተቃራኒ፣ ውሃ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጭቃው ሲወጣ አቅጣጫውን ቀያይሩ። ኮምፕሬሰር የሚያመጣላችሁን ልጅ ከልክሉት፤ ያረጀ ሂተር ያንን ግፊት አይችልም። የባትሪ አሲድማ በጭራሽ፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የወጣውን ኩላንት ውሻና ልጅ ከሚደርስበት ቦታ አርቁት፤ ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው።

ስትመልሱ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሙሉ። የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አቁሙ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱና ተርሞስታቱ እስኪከፍትና አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ክዳኑ የላላ ከሆነ ቀይሩት። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ አዳማ ላይ 95 ዲግሪ አካባቢ፣ በቆጂ ላይ 90 አካባቢ ይፈላል፤ ሞተራችሁን የሚጠብቀው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው።

«ጋሼ፣ ለአዳማ ሙቀት ሂተር ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ከአዋሽ መልካሳ በኋላ ያለውን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ ጌጁ ወደ ቀዩ ከተጠጋ፣ ኤሲውን አጥፍታችሁ ሂተሩን ሙሉ ብትከፍቱት ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንስላችኋል። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስወረድ ግን ይቀላል። ሂተሩን ያስዘጋ ሹፌር ይህ ዕድል የለውም።

ሂተሩ እያፈሰሰ ከከተማ ርቃችሁ ከሆነ ግን ከመስመር አውጡት፤ የግድ ነው። ሁለቱን ቱቦ በየራሳቸው አትድፈኑ፤ አንዳንድ ሞተሮች ተርሞስታታቸው በትክክል እንዲሠራ በዚያ መስመር ውሃ መዞር አለበት። ለትኩስ ውሃ በተሠራ ቱቦ፣ ሳይታጠፍ አገናኟቸው። ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ሂተር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ እዚያው ሱቁ ደጃፍ አንዱን አፉን አስደፍኑ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ በሌላው አፍ በብስክሌት መንፊያ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ አረፋ ካያችሁ አትክፈሉ።