የእናት አባታችሁ የመምህርነት ሰርተፊኬት የየትኛው ዘመን እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ

ደሴም ወልድያም ከሚሴም ብትሉ እናቱ ወይ አባቱ መምህር የነበሩ ሰው አይጠፋም፣ እና ያ አሮጌ ሰርተፊኬት ሳጥን ውስጥ ካለ አውጡና እዩት፣ ብዙ ነገር ይናገራል።

መጀመሪያ ስንተኛ ክፍል ጨርሰው እንደገቡ ፈልጉ። በጃንሆይ ጊዜ 8ኛን የጨረሰ ወስደው 4 ዓመት ያሰለጥኑ ነበር፣ ቀጥሎ ከ10ኛ በኋላ 2 ዓመት ሆነ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ 12ኛን የጨረሰ ቲቲአይ (የመምህራን ማሰልጠኛ ተቋም) ገብቶ 1 ዓመት ተምሮ ገጠር ይመደባል። 10+1 የሚል (10ኛን ጨርሶ 1 ዓመት ሥልጠና ማለት ነው) ካያችሁ የኢህአዴግ ዘመን ነው፣ የ1986ቱ ፖሊሲ 1ኛ ደረጃን ከ1-4 እና ከ5-8 ብሎ ስለከፈለው ለታችኛው ሰርተፊኬት፣ ለላይኛው ዲፕሎማ ይጠየቅ ነበር (12+2፣ በኋላ 10+3)። ክላስተር (ብዙ ትምህርት አንድ ላይ ለማስተማር የሰለጠነ) ወይ ሊኒየር (በአንድ ትምህርት ብቻ የሰለጠነ) የሚል ካለበትማ የቅርብ ነው። ደሞ "ባለ ሰርተፊኬት ብቻ ናቸው" እያላችሁ አታሳንሱ፣ የድሮ 12ኛ ክፍል ቀልድ አልነበረም።

ከዛ በዘመኑ የነበረውን የትምህርት ሕግ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሕጉ። የመንግሥት አዋጅ የሚወጣበት ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ይታተማል፣ እዚህ ጋር ነው ሰው የሚሳሳተው። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚወጣ ዓመቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ የኛና የፈረንጅ፣ የደርጉ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር አዋጅ አንዱ ጋ 260/1976 ሌላው ጋ 260/1984 ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ያው አንድ አዋጅ ነው። ሌላው መንግሥት ሲቀየር የአዋጅ ቁጥር እንደገና ከ1 ይጀምራል፣ ስለዚህ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብትፈልጉ የማይገናኝ ሕግ ነው የሚመጣላችሁ፣ ዓመቱን አስገቡ። የአሁኑን ከፈለጋችሁ የጠቅላላ ትምህርት አዋጅ 1368/2017 አለ። የአማራ ክልል ሕግ ደግሞ የክልሉ ጋዜጣ በሆነው ዝክረ ሕግ ላይ ነው የሚወጣው፣ ነጋሪት ላይ አትድከሙ።

ሰርተፊኬቱ ከጠፋስ? በ2014ቱ ጦርነት እኛ ጋ የስንት ትምህርት ቤት መዝገብ እንደተበተነ ታውቃላችሁ፣ ግን አብሽሩ፣ የግል ማህደራቸው ወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ሊኖር ይችላል፣ ጡረታ የወጡ ከሆነ ደግሞ የጡረታ ፋይላቸውን ጠይቁ። ስትሄዱ ስም እስከ አያት፣ የተመደቡበት የመጀመሪያ ትምህርት ቤትና ዓመተ ምህረቱን ጽፋችሁ ሂዱ፣ ባዶ እጅ ከሄዳችሁ መዝገብ ቤት ያለው ሰው ነገ ተመለሱ ነው የሚላችሁ።