በክረምት የሚጠወልግ አቮካዶ፦ በጥቁር አፈር ጓሮ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄው

አፈሩ ጠጥቶ በጠገበበት በነሐሴ ወር የአቮካዶ ችግኝዎ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ከተንጠለጠለ፣ ውሃ ጠማው ብለው አያጠጡት። በአዲስ አበባ በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ አካባቢ ባሉ ጓሮዎች ከሌላው ችግር ሁሉ አብልጬ ያየሁት ይህንን ነው። ባለቤቱ ቅጠሉን አይቶ ያጠጣል፤ አልሻል ሲለው ዩሪያ ይጨምርበታል፤ ጥቅምት ላይ የደረቀውን ግንድ ይነቅላል። ችግኙ ግን የሞተው ታፍኖ ነው።

የአቮካዶ ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ እንደ ሌሎች ዛፎች ብዙ ፀጉር መሰል ሥር ስለሌላቸውም አየር የሚዘዋወርበት ልል አፈር ይፈልጋሉ። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጥና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ጤፍ ይህንን ይችለዋል፤ አቮካዶ አይችለውም። አየር ያጣው ሥር ሲደክም ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለው፣ በአፈር ውሃ ውስጥ እየዋኘ የሚዛመት ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ይገባበታል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ መካከል ቆሞ መሳብ አይችልምና ቅጠሉ በበጋ የተጠማ ተክል ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማድረግዎ በፊት ሥሩን ይመልከቱ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው አፈሩን በእጅዎ ቀስ አድርገው ገለጥ ያድርጉ። ጤነኛው ቀጭን ሥር ነጣ ያለ ሲሆን በጣት ሲያጥፉት ይለመጣል። የበሰበሰው ጥቁር ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ቅርፊቱ እንደ ራሰ ወረቀት ተገፎ ጣትዎ ላይ ይቀራል፣ ከውስጡም ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይወጣል። አፈሩንም ያሽትቱት፤ የረጋ ኩሬ ሽታ ካለው ጥርጣሬ አያስፈልግም።

የችግሩ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የመትከያው ጉድጓድ ነው። ጎኑም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ብስባሽና ፍግ ሞልቶ መትከል በእንጦጦ ግርጌ ላለ ቀይ አፈር መልካም ምክር ነው፤ በዋልካ ላይ ግን ችግኙን ገንዳ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል። የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ሲላጥ እንደ ተለሰነ ጭቃ ይደፈናል፤ የተሞላው ልል አፈር የዙሪያውን ጎርፍ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። አንድ ጊዜ በአጥር ጥግ ከተተከሉ አምስት አቮካዶዎች አራቱ በአንድ ክረምት ሞተው ተጠራሁ። ዝናብ ካቆመ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር፤ ከአንደኛው ግንድ አጠገብ ፌሮ ወደ ታች ሰድጄ ባወጣሁት ጊዜ ጫፉ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። የተረፈው አምስተኛው የቆመው ግንበኞች ትተውት በሄዱት የቀይ አሽና የአፈር ክምር ላይ ነው። ያ ክምር እንዲነሳ ባለቤቱ ለሠራተኛ ነግሮ እንደነበር ሲያጫውተኝ በእጅጉ ደነገጥሁ፤ ተክሉን ያዳነው እሱ ነበርና። በሌላ ግቢ ደግሞ የጣሪያው አሸንዳ የሚያፈሰው በቀጥታ ወደ አቮካዶው ግርጌ ነበር፤ በዚያ ቦታ ሦስት ችግኝ በየዓመቱ ተተክቶ ሦስቱም ሞቷል፤ አሸንዳውን ያየ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ላስቲኩ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉልበት ያላለፈ አቮካዶ ነቅዬ ሳወጣ ጥቁሩ የችግኝ ላስቲክ እንዳለ አገኘሁት። ዋናው ሥር ከላስቲኩ ግርጌ ደርሶ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል፤ ወደ ውጭ የወጡት በታችኛዎቹ ቀዳዳዎች ሾልከው ያመለጡ ጥቂት ቀጫጭን ሥሮች ብቻ ነበሩ። ከነላስቲኩ መትከል አፈሩ እንዳይበተን በሚል ስጋት የሚደረግ ስህተት ነው፤ አፈሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ውሃ ከጠጣ ግን ላስቲኩ በምላጭ ከጎኑ ሲሰነጠቅ አይበተንም። ችግኝ ጣቢያዎችም ከጥፋት ነፃ አይደሉም። በጠባብ ላስቲክ ሁለት ዓመት ታጉሮ ሥሩ የተጠቀለለ ችግኝ ለገበያ ማቅረብ፣ ገዢው በሦስተኛው ዓመት የሚያውቀውን ኪሳራ ዛሬ መሸጥ ነው።

መፍትሄው ወደ ላይ መትከል ነው። በመጀመሪያ መሬቱን ይፈትኑ፦ 50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ ደግመው ይሙሉት፤ በማግስቱ ውሃው አሁንም ካለ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አቮካዶ አይትከሉ። በምትኩ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ግርጌው 1.5 ሜትር የሚሰፋ ጉብታ ከላይኛው አፈር ይሥሩ፤ ብስባሹ ከሩብ አይብለጥ፤ ከበዛ በስብሶ ሲያልቅ ጉብታው ይሰምጣልና። ችግኙን በጉብታው አናት ተክለው የተዳቀለበት፣ ማለትም የተመረጠው ዝርያ ቀንበጥ ከሥረኛው ግንድ ጋር የተጣበቀበት ጠባሳ ከአፈሩ በላይ እንዲቀር ያድርጉ። ከጉብታው ግርጌ ወደ ዝቅተኛው ወገን የሚያፈስ ቦይ ያውጡ። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ዋልካ ማሳውን በእጁ ሰፊ መደብና ቦይ እያደረገ ስንዴና ምስር ሲያመርት የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የከተማ ጓሮ ይህንን ዕውቀት መርሳቱ ያሳዝነኛል።

የታመመውን ለማዳን ሥሩ ከግማሽ በላይ ነጭ ሊሆን ይገባል። እንዲህ ከሆነና ችግኙ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ከሆነ፣ ከነአፈሩ አንስተው ወደ ጉብታ ያዛውሩት፤ ከቅርንጫፉም ሲሶውን ይቁረጡለት፤ የቀረው ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል መመገብ አይችልምና። ለማንሳት የከበደውን ዛፍ በቦታው ትተው፣ ከመትከያው ጉድጓድ ወለል ዝቅ የሚል ቦይ በታችኛው ወገን ቆፍረው ጠጠር ይሙሉበት። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ዩሪያ አይጨምሩ። ዳፕም ቢሆን አይጨምሩ። ትኩስ ፍግም በፍጹም አይጨምሩ፤ የቆሰለ ሥር ያቃጥላል። ግርጌውን በዶማ አይኮትኩቱ፤ አረሙን በእጅ ነቅለው በደረቅ ሣር ይጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። የልብስ እጣቢ፣ በተለይ በረኪና ያለበት፣ ወደዚያ አይድፉ። ሥሩ ሙሉ በሙሉ የጠቆረውን ነቅለው ያስወግዱ፤ አፈሩን ወደ ሌላ መደብ አይውሰዱ፤ አካፋውን ሳያጥቡ ወደሚቀጥለው ዛፍ አይሂዱ፤ በዚያው ቦታም ዳግም አቮካዶ አይትከሉ።

ሌሎቹን የጓሮ አትክልት ችግሮች በአጭሩ ልጥቀስ። የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ከሰመጠ፣ ምክንያቱ ውሃው አንድ ሳምንት በዝቶ አንድ ሳምንት ሲጠፋ ካልሲየም ፍሬው ድረስ አለመድረሱ ነው፤ መጠኑን አስተካክለው ያጠጡና ይጎዝጉዙ። በሐምሌ የቲማቲሙ ቅጠል ውሃ የነካው የሚመስል ቡናማ ጠባሳ አውጥቶ ጠዋት በቅጠሉ የታች ገጽ ነጭ ሻጋታ ከታየበት፣ ድንችንም የሚያጠቃው የክረምት በሽታ ነው፤ የተያዘውን ነቅለው ያርቁ፣ የሚቀጥለውንም ዝናቡ ሲወጣ ይትከሉ። በቅጠሉ ውስጥ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ ቦይ የሚቆፍረው ትል በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን ለቅመው ያቃጥሉ። ጎመን ላይ የሰፈረ ክሽክሽ ገና ጥቂት ሳለ በሳሙና ውሃ ይታጠባል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ፍሬ አለመስጠቱ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ይጀምራል። የተዳቀለ ተብሎ ተሸጦልዎ ከጠባሳው በታች የበቀለ ቀንበጥ ዋናውን ከበለጠው፣ የሚያድገው ያልፈለጉት ዝርያ ነውና ቀንበጡን ገና ለጋ ሳለ ከመነሻው ይቁረጡ። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ጠባሳውን በዓይንዎ አይተው ላስቲኩን ገልበጥ ያድርጉት፤ ወፍራም ሥር በግርጌው ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ይዞ ከነበረ፣ ሌላ ይምረጡ።