ዲዝኒ ወይስ ዩኒቨርሳል? ኦርላንዶ ከመሄዳችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሜሪላንድ ኦርላንዶ 850 ማይል ግድም ነው። የሰባት ዓመቱ ልጄ መንገዱን ሙሉ የሚያወራው ስለ አንድ ሮለር ኮስተር ብቻ ነበር። ደረስን፣ ገባን፣ ፎቶ ሳንነሳ ሮጠን ወረፋው ጋ ቆምን። አስተናጋጇ መለኪያዋን አጠገቡ አቆመች። 48 ኢንች ያስፈልጋል። እሱ 46 ነው። በእግሩ ጣት ተንጠራርቶ ሞከረ። አልሆነም። የዚያን ቀን ለቅሶው እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥሩ በግልጽ ተጽፏል፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ፓርኩን የመረጥኩት አንዲት ጓደኛዬ "እሱ ይሻላል" ስላለችኝ ነበር። የእሷ ልጆች ደግሞ ጎረምሶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። አሁን ዘመድ ወዳጁ ክረምት በመጣ ቁጥር እየደወለ "የትኛው ይሻላል?" ይለኛል። በስልክ የምመልሰውን እዚህ ልጻፈው።

በስም መምረጥ

ዲዝኒ አንድ ፓርክ አይደለም፤ አራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም፣ ከዚያ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ እና አኒማል ኪንግደም። ዩኒቨርሳልም ቢሆን ሦስት ፓርክና አንድ የውሃ ፓርክ አለው። ሦስተኛው፣ ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባለው፣ ገና በሜይ 2025 ነው የተከፈተው። ስለዚህ "ዲዝኒ ወይስ ዩኒቨርሳል?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ገና ከመነሻው ያሳስታል። ጥያቄው "የእኔ አጭሩ ልጅ የቱ ጋ ነው ብዙ የሚሳፈረው?" መሆን አለበት።

ልጆቹን ጫማ አስወልቃችሁ እቤታችሁ በር ላይ ለኩ። ከዚያ ቁጥሩን ይዛችሁ የፓርኮቹን ዝርዝር ተመልከቱ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ አብዛኛው መጫወቻ የቁመት ገደብ የለውም። ገደብ ካላቸው ውስጥ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 38 ኢንች፣ ስፔስ ማውንቴን 44፣ ትሮን 48 ይጠይቃሉ። ወደ ዩኒቨርሳሉ አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ስትሻገሩ ቬሎሲኮስተር 51፣ ኸልክ 54 ኢንች ነው። 54 ኢንች ማለት 137 ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ከአሥር ዓመት በታች ላለ አብዛኛው ልጅ የማይታሰብ ነው።

በእኔ እምነት ሁሉም ልጆቻችሁ ከ42 ኢንች በታች ከሆኑ ለዩኒቨርሳል አትቸኩሉ። የልጆች ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። ግን ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ የፓርኩን ግማሽ ከውጭ ታያላችሁ። በተቃራኒው ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ ማጂክ ኪንግደም ወስዳችሁ ከልዕልት ጋር ፎቶ ተነሺ ብትሏት ስልኳ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው።

ትናንሽና ትልልቅ ልጆች አንድ ላይ ያሏችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዲዝኒም በዩኒቨርሳልም አንደኛው ወላጅ ትንሹን ይዞ ሲቆይ ሌላው ከትልቁ ጋር ይሳፈራል፤ ከዚያ የቆየው ወላጅ እንደገና ወረፋ ሳይዝ ተራውን ይወስዳል። መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ መንገር ብቻ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲገፋ ዋለ።

"ጎረቤት ናቸው" ብሎ ማመን

ካርታው ላይ ሁሉም ጎን ለጎን ነው የሚመስለው። መሬት ላይ ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስና አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር እውነትም በእግር የሚያስኬዱ ጎረቤታሞች ናቸው። ኤፒክ ዩኒቨርስ ግን እነሱ ጋ አይደለም፤ በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው የሚኬደው። የዲዝኒ ግቢ ደግሞ ከተማ ነው፤ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ በኬብል በሚንጠለጠል የአየር ላይ ጋሪ ይገናኛሉ፣ በእግርም ይኬዳል። ከማጂክ ኪንግደም አኒማል ኪንግደም ግን ሌላ ጉዞ ነው።

ማጂክ ኪንግደም ራሱ ሰው የሚያታልለው ፓርኪንጉ ላይ ነው። መኪና አቁማችሁ ስትወርዱ በሩ ላይ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። ከፊታችሁ ሐይቅ አለ! በመርከብ ወይም በሞኖሬል ነው የምትሻገሩት። ልጅ፣ ጋሪ፣ ቦርሳና ፍተሻ ሲጨመርበት ከመኪናው እስከ መግቢያው አርባ ደቂቃ ቢወስድባችሁ አይድነቃችሁ። ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ የተኛ ልጅ ተሸክማችሁ።

ስለዚህ በአንድ ቀን ከፓርክ ፓርክ የሚያዘልለውን ውድ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ከስምንት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ አንዱን ፓርክ ከጨረሰ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማውቀው አንድ ጥሩ ምክንያት የሃሪ ፖተር ባቡር ነው። በሁለቱ የቆዩ የዩኒቨርሳል ፓርኮች መካከል ስለሚመላለስ ለሁለቱም የሚያስገባ ትኬት የሌለው አይሳፈርም። ልጃችሁ ለሃሪ ፖተር የሚሞት ከሆነ ክፈሉ። ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ሌጎላንድንም "እዚያው ኦርላንዶ" የሚሉ አሉ። ዊንተር ሄቨን የምትባል ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ መንገዱ ወደ 45 ደቂቃ ነው። ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ትንንሽ ልጆች ብቻ ያሉት ሰው ሁለቱን ስመ ጥሮች ትቶ እዚያ ቢሄድ አልፈርድበትም። እንዲያውም አስተዋይ ነው እላለሁ።

የትኬቱን ዋጋ ብቻ ማወዳደር

በ2025 የዲዝኒ የአንድ ቀን ትኬት እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ ከ119 ዶላር ጀምሮ በገና ሰሞን እስከ 199 ይደርስ ነበር። ቀን ሲጨምር የአንዱ ቀን ዋጋ ይቀንሳል። በሁለቱም ከሦስት ዓመት በታች ነጻ ነው፤ ከ10 ዓመት ጀምሮ እንደ አዋቂ ይከፈላል። ፓርኪንጉም ያኔ 30 ዶላር አካባቢ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያሰላል።

የሚረሳው ወረፋ መዝለያው ነው። ሁለቱም ቤት ረጅሙን ሰልፍ ማለፊያ ለብቻው ይሸጣሉ። አምስት ስትሆኑ ሒሳቡ ይዘላል። ዩኒቨርሳል ውስጥ ግን አንድ መላ አለ። ሦስቱ ውድ ሆቴሎች፣ ማለትም ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ፣ ክፍሉ ውስጥ ለተመዘገበ እንግዳ ሁሉ መዝለያውን በነጻ ይሰጣሉ። የገባችሁበትም የምትወጡበትም ቀን ይቆጠራል። አንድ ሌሊት አድራችሁ ሁለት ቀን ትጠቀማላችሁ ማለት ነው። የክፍሉ ዋጋ ያስደነግጣል። ለአምስት ሰው የሁለት ቀን መዝለያ ከመግዛት ጋር ስታወዳድሩት ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ብቻ ለኤፒክ ዩኒቨርስ አይሠራም፤ እዚያ ደርሳችሁ እንዳትጣሉ።

ምሳውን እዚያ ስንደርስ እናያለን ማለት

እኛ ቤት ጉዞ ያለ ቋጠሮ አይሆንም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ዕቃ ፍርፍር። ዲዝኒ የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል። ጠርሙስ ነገርና አልኮል አይሁን፣ ማሞቂያም የሚፈልግ አይሁን እንጂ ማንም "ይህ ምንድን ነው?" አይላችሁም። ዩኒቨርሳል ግን ጠበቅ ያለ ነው። ውሃ፣ የሕፃን ምግብና መክሰስ ነገር ያሳልፋል፤ የቤተሰብ ምሳ ግን አያስገባም። ይህ ልዩነት ለአምስት ሰው በቀን የምግብ ወጪ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስሉት።

ጾመኛ ካለ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይነካችኋል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን የሄደችው በፍልሰታ ነበር። ዲዝኒ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነው ምግብ ጎን ትንሽ የቅጠል ምልክት አለ። እሷ ግን ምልክቱን አላመነችውም። "ቅቤ አላስነኩትም ብለሽ ትምያለሽ?" አለችኝ። እኔ ደግሞ በሰው ወጥ ቤት አልምልም። በስኳር የተቆላ ሽንብራ ከቦርሳዋ እያወጣች ስትበላ ዋለች። ደግነቱ ዲዝኒ ነበርን።

የራሳችንን የቀን መቁጠሪያ ብቻ ማየት

ብዙዎቻችን በጁላይ 4 ሰሞን የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ወደሚደረግበት ከተማ እንሄዳለን። ፈቃድ ተወስዷል፣ ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ "ከዚያው ወደ ፍሎሪዳ እንለፍ" ይባላል። ጁላይ ኦርላንዶ ውስጥ እሳት ነው። ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ ይመጣል፤ መብረቅ ሲኖር ውጭ ያሉት ሮለር ኮስተሮች ይቆማሉ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል። በዝናቡ ሰዓት ግን ጣሪያ ያለው መጫወቻ ሁሉ ይጨናነቃል።

የፍሎሪዳ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በኦገስት አጋማሽ አካባቢ ነው። የእናንተ አካባቢ ትምህርት ቤት በኦገስት መጨረሻ የሚከፈት ከሆነ መሃሉ ላይ ያሉት ጥቂት ቀናት ወርቅ ናቸው። ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ሰዉ ግን ይቀንሳል። ከኦገስት እስከ ገና ድረስ ማጂክ ኪንግደም በአንዳንድ ምሽቶች ለብቻው ትኬት የሚቆረጥበት ድግስ ያዘጋጃል፤ በእነዚያ ቀናት ተራ ትኬት የያዘ ሰው አመሻሹ ላይ ውጣ ይባላል። ርችቱን ልታሳዩ ከሄዳችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ።

የእማማን ጉልበት መርሳት

በቀን አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መራመድ የተለመደ ነው። "ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ" ትላለች እናታችሁ። አትመኗት። ዊልቸር በሩ ላይ ይከራያል፤ ቀድሞ ለመጣ ነው። እናቴ መጀመሪያ "ሰው ምን ይለኛል!" ብላ እምቢ አለች። ከሰዓት በኋላ ግን "ወንበሯን አምጧት" አለች። አልቃ ነበር።

"ነጻ ትኬት" ማመን

በዲዝኒ ዙሪያ ኪሲሚ አካባቢ ያለው መንገድ ዳር ትኬት በግማሽ ዋጋ የሚል ምልክት ሞልቷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ጎራ አልን። ትኬቱ እውነተኛ ነው፣ ግን በፊት "አጭር ገለጻ" መስማት አለባችሁ። ገለጻው የዕረፍት ቤት በጋራ ለመግዛት ማስፈረሚያ ነው። አንድ ሰዓት የተባለው ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንዱ ሻጭ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ልጆቹ ተኝተው ተነሱ። አልፈረምንም፤ የፓርኩ ግማሽ ቀን ግን ሄደ።

ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ቀን የቀረውን ትኬት ከግለሰብ መግዛትም አለ። ዲዝኒም ዩኒቨርሳልም መግቢያ ላይ ትኬቱ የእናንተ መሆኑን በጣት አሻራ ወይም በፊት ፎቶ ያያሉ። የመጀመሪያው ሰው ጣት ወይም ፊት ከእናንተ ጋር አይገጥምም፤ ገንዘቡን የተቀበላችሁ ሰውም ስልኩን አያነሳም።