የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሲሳሳት፦ በድሬዳዋና ሐረር መንገድ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በመስክ ሞዴል የሚሠራ የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ፣ በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ልክ እንደ ማግኔት በማይታይ የስጋት መስክ እንደተከበበ ቆጥሮ ያሰላል፤ መኪናው ባለበት ነጥብ መስኩ ሲበረታ ሹፌሩን ያስጠነቅቃል። የሮቦት ተመራማሪው ኡሳማ ኻቲብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሮቦቶች ከእንቅፋት እንዲርቁ ያቀረቡት ዘዴ የዚሁ አስተሳሰብ አንዱ መሠረት ነው። ሒሳቡ ለሰፊና ቀጥ ላለ ጎዳና ብቻ ከተስተካከለ ግን እኛ ዘንድ ይሳሳታል።

በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ አካባቢ ያለማቋረጥ ሲጮህ

ምክንያቱ መስኩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚዘረጋ ክብ ሆኖ መሠራቱ ነው። በጎን በኩል ግማሽ ሜትር ርቆ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ባጃጅ ፊት ለፊት ከሚመጣው ባጃጅ አይለይለትም። መስኩን በአንጻራዊው ፍጥነት (ነገሩ ከመኪናው አንጻር በሚንቀሳቀስበት ፍጥነት) አቅጣጫ አስረዝሙት፤ በጎን ቶሎ እንዲከስም አድርጉት፤ መጀመሪያ መብራት ብቻ ይብራ፤ ድምፁ ስጋቱ ሲጸና ይከተል። ድምፁን መቀነስ ብቻውን መፍትሄ አይሆንም። በከንቱ ጩኸት የተሰላቸ ሹፌር መሣሪያውን ያጠፋዋልና፣ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ብልሽት ይህንን ነው።

ከደንገጎ ሲወርዱ ዘግይቶ ሲያስጠነቅቅ

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.7 ቢሆን፣ በሜዳ ላይ ፍሬን ከያዘ በኋላ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ዝናብ ሰበቃውን ወደ 0.4 ቢያወርደውና መንገዱ 8 በመቶ ቁልቁለት ቢኖረው ግን ርቀቱ 44 ሜትር ይደርሳል፤ ሹፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው 17 ሜትር ያህል ገና አልተቆጠረም። መሣሪያው የሜዳውን ቁጥር ይዞ ሲወርድ ማስጠንቀቂያው የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የመስኩን ርዝመት ከቋሚ ቁጥር አላቁትና ከማቆሚያው ርቀት ጋር እሰሩት፤ ተዳፋቱን ከማዘንበል መለኪያ፣ እርጥበቱን ከመስታወት መጥረጊያው መሥራት ይውሰድ። ጭነት ለያዘ አይሱዙ ተጨማሪ ርቀት ስጡት፤ በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማልና።

በመታጠፊያ ላይ ተቃራኒውን መስመር አደጋ አድርጎ ሲቆጥር

መስኩ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ከመንገዱ ስለሚወጣ ነው። የመሪውን መታጠፍ ወይም የመንገዱን ካርታ ተከትሎ እንዲጎብጥ አድርጉት።

ከመንገድ ዳር የቆሙ ግመሎችንና ፍየሎችን ሳያስጠነቅቅ ሲያልፋቸው

የመስኩ ጉልበት በእንስሳው በራሱ ፍጥነት ብቻ ከተለካ የቆመ እንስሳ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። ለእንስሳት ቆመውም ቢሆን የማይጠፋ መነሻ መስክ ስጧቸው፤ ወደ አስፋልቱ በኩል ሰፋ ይበል። መንጋውንም እንደ አንድ አካል ቁጠሩት፤ አንዷ ፍየል ከተሻገረች ሌሎቹ ይከተሏታልና፣ መሣሪያው የመጀመሪያዋ ስላለፈች ብቻ ማስጠንቀቂያውን ማቆም የለበትም።